ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርደው መንገድ፦ የሮማውያኑ መስመር የቱ ጋ ነው?

#1 ዘኤላ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልጶስ የህንደኬን ጃንደረባ ያገኘበት፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርደው መንገድ ዛሬ መሬት ላይ በየት በየት እንደሚያልፍ ለይቶ ማወቅ ይቻላል? የምጠይቀው የቅየሳ ጥያቄ ነው፤ ለጉብኝት ወረቀት የሚሆን ትረካ በየቦታው ሞልቷል።

ሲጠቀሱ የማያቸው ሦስት ናቸው። አንዱ ከኢየሩሳሌም በደቡብ ምዕራብ በሑሳንና በጹር ሐዳሳ ሸንተረር ወርዶ ዔላ ሸለቆ ይገባና ወደ ቤት ጉቭሪን የሚሄደው ነው። ሮማውያን እንዳነጠፉት አያከራክርም። ሁለተኛው በቤተ ልሔም አጠገብ አልፎ የተራራውን ጀርባ ይዞ ወደ ኬብሮን የሚሄደው ሲሆን፣ ሐልሑል ጋ ሲደርስ የጥንቷ ቤትጹርና የጥምቀቱ ነው የተባለ ምንጭ አለ። ሦስተኛው በራፋይም ሸለቆ ያለው ዓይን ሐኒያ የሚባለው ምንጭ ነው። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። ምን ካርታ፣ ምን ልኬት፣ ምን ምልክት ይዤ ልጀምር?

#2 ቀያሽ_ዘዳገት

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ያልከው ሁለት ነው፤ አስቀድመን እንነጥላቸው።

የሐዋርያት ሥራ ታሪክ የሚውለው እ.ኤ.አ. በ30ዎቹ ዓመታት ነው። ሮማውያን ድንጋይ አንጥፈው፣ የዳር ድንጋይ ደርድረው፣ በየማይሉ ምሰሶ ያቆሙበት መንገድ ግን ይሁዳ ውስጥ በአብዛኛው የሐድሪያን ሥራ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገሩን ከጎበኘበት ከ130 ገደማ ወዲህ። በአገሩ ከተገኙት የማይል ድንጋዮች ቀደምት የሆነው እንኳ የ69 ነው፤ እሱም በሰሜን፣ ከመጊዶ አካባቢ ወደ ቤትሳን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የተገኘው። እንግዲህ ጃንደረባው የተነጠፈ የሮማ መንገድ አልረገጠም። ያለፈው ከዚያ በፊት በነበረ የጭነትና የነጋዴ መንገድ ነው። ሮማውያኑ ብዙ ጊዜ ነባሩን መስመር ተከትለው ስለሚያነጥፉ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፤ አያረጋግጥም። «የማይል ድንጋይ ተገኘ፣ ስለዚህ ጃንደረባው በዚህ አለፈ» የሚል ክርክር ሲመጣ እዚህ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው። መሬት ከመረገጡ በፊት የተጻፉትን ርቀቶች እንፈትናቸው። የሚያስፈልገው ካልኩሌተርና የድሮው የፍልስጤም ግሪድ (ቦታን በምሥራቅና በሰሜን ቁጥር የሚያመለክት የካሬ መረብ) የታተመበት ካርታ ብቻ ነው። የሮማ ማይል 5000 የሮማ ጫማ፣ በእኛ መለኪያ 1480 ሜትር ገደማ ነው። ቦታዎቹ በግሪዱ በኪሎ ሜትር፣ መጀመሪያ ምሥራቅ ቀጥሎ ሰሜን፦

ኢየሩሳሌም 172/131
ቤትጹር 159/110
መምሬ 160/107
ቤት ጉቭሪን 140/113
ሶኮ 147/121
አስቀሎና 107/118

አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባዘጋጀው የቦታ ስሞች መዝገብ ቤትጹርን ከኢየሩሳሌም ወደ ኬብሮን ሲኬድ 20ኛው ማይል ላይ ያስቀምጣታል፤ ጃንደረባው የተጠመቀበት ነው የሚባለው ምንጭም እዚያ እንደሚታይ ይናገራል። 20 ማይል 29.6 ኪ.ሜ. ነው። በግሪዱ ደግሞ ልዩነቱ 13 እና 21 ስለሆነ ቀጥታ መስመሩ 24.7 ይመጣል። መንገዱን ለቀጥታው ስታካፍል 1.20።

እሱው ሶኮን ከኤሌውቴሮፖሊስ፣ ማለትም ከቤት ጉቭሪን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ 9ኛው ማይል ላይ ያደርጋታል። 13.3 ኪ.ሜ. በቀጥታ 10.6፣ ውጤቱ 1.25።

ስለዚህ በይሁዳ ኮረብታ ላይ መንገድ ከቀጥታው መስመር በ20 እና 25 በመቶ መካከል ይረዝማል ብለን እንያዝ። በዚህ ሚዛን የአንቶኒኑስን የመንገድ ዝርዝር፣ የሮማውያኑን የከተማ ለከተማ ርቀት መዝገብ፣ መዝኑት። ከኢየሩሳሌም እስከ ኤሌውቴሮፖሊስ 20 ማይል ይላል፤ 29.6 ኪ.ሜ. መሆኑ ነው። ቀጥታው መስመር ግን 36.7 ነው! ወፍ እንኳ ከዚያ ባነሰ አይደርስም። ቀጥታውን በ1.2 ስታባዛው 44 ኪ.ሜ. ገደማ ይመጣል፣ ይኸውም 30 ማይል። በሮማ አኃዝ 30 ሦስት ኤክስ፣ 20 ሁለት ኤክስ ነው፤ ገልባጭ አንዷን ዘለላት ማለት ነው። በዚያው ዝርዝር ከኤሌውቴሮፖሊስ እስከ አስቀሎና 24 ማይል ተብሏል፤ 35.5 ለ33.4፣ ውጤቱ 1.06። ሜዳ ስለሆነ መንገዱ ሳይጠማዘዝ ይሄዳል፣ ቁጥሩም ደህና ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መስመሩ ከናብሉስ ተነሥቶ በኢየሩሳሌም በኩል አስቀሎና የሚደርስ ነው፤ ድምሩ 74 ማይል (30፣ 20 እና 24) ተብሎ የተጻፈው ከተሳሳተው 20 ጋር ይገጥማል። ወይ ስህተቱ ከድምሩ ይቀድማል፣ ወይ ድምሩን ኋላ አስተካክለውታል። ድምሩ ስለገጠመ ዝርዝሩ ትክክል ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል።

#3 ኮረብቴ

ስለ ኬብሮኑ መስመር ሌላም ምስክር አለ። በ333 ከቦርዶ የመጣው ተሳላሚ ከኢየሩሳሌም እስከ ራሔል መቃብር 4፣ ከዚያ ቤተ ልሔም 2፣ ከቤተ ልሔም ቤትጹር 14 ማይል ብሎ ቆጥሯል። ድምሩ 20፣ ከአውሳብዮስ ጋር አንድ ነው። ፊልጶስ ጃንደረባውን ያጠመቀበት ምንጭ እዚያ እንዳለም ይጽፋል። በ6ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የማዳባ የሞዛይክ ካርታም ቤትጹር ላይ የፊልጶስን ቤተ ክርስቲያን ስሏል። እንግዲህ በጥንቱ ምስክር ቤትጹር ነው የሚመራው።

ግን ተሳላሚው ቀጥሎ ከቤትጹር እስከ መምሬ የሚሰጠው ቁጥር መሬት ላይ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። በቀያሽ ግሪድ ቀጥታው 3.2 ኪ.ሜ. ነው፤ በመንገድም 3 ማይል አይሞላም። ከመምሬ ኬብሮን 2 ማይል ያለው ደግሞ ይስማማል። አንድ ሰነድ ውስጥ አንዱ ቁጥር ትክክል፣ ጎረቤቱ ውዳቂ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻው ነው መፈተን።

ዓይን ሐኒያ የባይዛንታይን ዘመን ገንዳ አለው፣ በቁፋሮም ወጥቷል፤ ከጥምቀቱ ጋር የሚያያይዘው ልማድ ግን ከሁለቱ ጸሐፊዎች ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። ለመንገድ ፍለጋ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። ለጸሎት የሚሄድ ይሂድ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

#4 ሰባት_እርምጃ

ቀያሽ፣ ስሌቱ ደስ ይላል፤ ግን 20ው ማይል የሚቆጠረው ከየት ነው? ከተማዋ ራሷ ከዳር እስከ ዳር ከግማሽ ማይል በላይ ትሄዳለች።

#5 ቀያሽ_ዘዳገት

ተገቢ ጥያቄ ነው። ማዳባ ካርታ ላይ ከሰሜኑ በር፣ ከዛሬው የደማስቆ በር፣ ውስጥ ባለው አደባባይ ላይ አንድ ረጅም ዓምድ ቆሞ ይታያል፤ ብዙዎች መነሻ የሚያደርጉት እሱን ነው። ለደቡብና ለምዕራብ መንገዶች ከሌላ በር ይቆጠር ነበር የሚሉም አሉ። በሥራ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የመነሻ ጥርጣሬ መያዝ በቂ ነው። ስሌቱን አያፈርሰውም፤ 24.7ን ወደ 24.2 ብታወርደው ውጤቱ 1.22 ይሆናል። የሚጎዳህ ከከተማዋ አቅራቢያ 1ኛና 2ኛ ማይል ላይ ድንጋይ ስትፈልግ ነው። ስለዚህ ከከተማ ተነሥተህ አትፈልግ፤ ቦታው ከታወቀ የማይል ድንጋይ ተነሥተህ በመንገዱ ርዝመት 1480 ሜትር ለካ፣ ከዚያ ከፊትና ከኋላ 100 ሜትር አስስ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልገጠመ የሳልከው መስመር ወይ አቋርጧል ወይ ተጠማዟል።

#6 የድሮ_ካርታ

ካርታውን እኔ ልውሰደው።

መጀመሪያ የእንግሊዞቹ የኮንደርና የኪችነር ካርታ ነው። ቅየሳው ከ1871 እስከ 1877 ተሠርቶ በ1880 በ26 ሉሆች ታተመ፤ መለኪያው 1 ለ63,360። የሮማ መንገድ የመሰላቸውን በሰረዝ መስመር፣ የማይል ድንጋዮችንም በምልክት አስቀምጠዋል። ዋጋው ከአስፋልት፣ ከመኪናና ከደን ተከላ በፊት የተሠራ መሆኑ ነው። ድካሙ ደግሞ መለኪያው ነው፦ ወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 32 ሜትር ነው፣ የምትፈልገው መንገድ ደግሞ ስፋቱ 6 ሜትር። የቅየሳውን ስህተት ስትጨምርበት መስመሩን 100 ሜትር ግራና ቀኝ አድርገህ ያዘው። ከዚያ በላይ እምነት የሚጥልበት ሰው ሌላ ሰው እርከን ላይ ይቆፍራል።

ካርታውን በኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራም ነው) ከዛሬው መሬት ጋር ስታስተካክል ለአንድ ሉህ ከ12 እስከ 15 መቆጣጠሪያ ነጥብ ውሰድ። የሼክ መቃብር፣ ጉልላት፣ ምንጭ፣ ጉድጓድ ጥሩ ነው፣ ካለበት አይንቀሳቀስም። የመንደር መሃል አትጠቀም፤ መንደሩ ሰፍቶ መሃሉ ተዛውሯል። መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ሥራና የእያንዳንዱን ነጥብ ስህተት ተመልከት። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፦ ስህተቱ ሲበዛበት ወደ ቲን ፕሌት ስፕላይን (ካርታውን እንደ ላስቲክ የሚለጥጥ ስሌት) ይቀይርና ስህተቱ ዜሮ ሆነ ብሎ ይደሰታል። ስፕላይን በባሕርዩ በሰጠኸው ነጥብ ሁሉ ላይ ያልፋል፣ ስለዚህ ዜሮው ምንም አይነግርህም። ሦስት ነጥብ ከሥራው አውጥተህ ለፍተሻ አስቀምጥ፤ እውነተኛው ስህተት እነሱ ላይ የምታየው ነው።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል በ1944–45 ያነሣቸው የአየር ፎቶዎች። የጥድ ደኑ ከመተከሉና አዳዲሶቹ ሰፈሮች ከመሠራታቸው በፊት ናቸው። ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው ይኼን ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሮና። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 በስለላ ሳተላይት ያነሡት ፊልም ነው፤ በ1995 ከምስጢርነት ወጣ። የመጨረሻዎቹ ካሜራዎች 2 ሜትር የሚጠጋ ነገር ይለያሉ። ፊልሙ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ጫፍ ጫፉ ይጎተታል፤ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ አታስተካክል፣ በቁራጭ ሥራ። በኮሮና ላይ የሮማ መንገድ የሚታየው እንደ ፈዘዝ ያለ ነጭ መስመር ነው፤ የእርሻ ድንበር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣና ይቆማል፣ አያቋርጠውም። ድንበሮቹ መስመሩን ተሻግረው ከቀጠሉ መስመሩ ከእርሻው በኋላ የመጣ ነው።

#7 ሰባት_እርምጃ

ጎግል ኧርዝ እና ነፃው የከፍታ ዳታ አይበቃም?

#8 የድሮ_ካርታ

ነፃው የከፍታ ዳታ አንዱ ካሬው 30 ሜትር ነው። 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እዚያ ውስጥ አይታይም፤ በኮምፒውተር ከጎን ብርሃን እያበራህ ጥላ ስታሳርፍ ብትውልም አይወጣልህም። ለዳገት ስሌት ግን በቂ ነው። ጥላ የምታሳርፈው ላይዳር (ከአየር በሌዘር የተለካ የከፍታ ዳታ) ካገኘህ ነው፤ ካሬው 1 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን በጥዱ ሥር ያለውን መሬት ያወጣል። ያኔም ብርሃኑን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አታብራ፤ መስመሩ ከብርሃኑ ጋር ሲገጥም ይጠፋል። ከ8 አቅጣጫ አብርተህ አዋህድ።

#9 ኮረብቴ

ዳገት ከተነሣ፦ በኮምፒውተር «ቀላሉን መንገድ» ማስላት የሚወዱ ብዙ ናቸው። ግራስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የእግር ጉዞ ስሌት ወይም የቶብለር ቀመር፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ትንሽ ቁልቁለት ላይ 6 ኪ.ሜ. ይሰጥሃል። ችግሩ ስሌቱ ሁልጊዜ ወደ ሸለቆው ወለል መውደዱ ነው፣ ልዝብ ስለሆነ። የይሁዳ ሮማውያን መንገዶች ግን በሁለት ሸለቆ መካከል ያለውን የሸንተረር ጀርባ ነው የሚይዙት። ምክንያቱ አንድም ውሃ ነው፦ የክረምት ጎርፍ ሸለቆው ውስጥ ያለ መንጣፍን በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል፣ ሸንተረር ላይ ግን ውሃ አይጠራቀምም፣ ድልድይም አያስፈልግም። አንድም ጦር ነው፦ ከላይ ድንጋይ የሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ለጭነት ጓዝ አይሆንም።

ስለዚህ የወንዙን ወለል 50 ሜትር ግራና ቀኝ ከልልና ዋጋውን በ3 አባዛው፤ መስመሩ ወደ ጀርባው ይወጣል። ውጤቱን እንደ መልስ አትያዘው። ሁለት ሦስት ጠባብ መተላለፊያዎችን ያሳይሃል፣ እነሱን ሄደህ ማየት ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ዔላ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው፤ የዛሬው 375 ቁጥር አውራ ጎዳናም ያንኑ ጀርባ ነው የመረጠው። አሳዛኙ ነገርም እዚያ ነው፣ አስፋልቱ ብዙውን በልቶታል።

#10 ካብና_ኮረት

መሬት ላይ ምን እንደሚታይ አንድ ሰው ይጻፈው ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እንግዲህ ልጻፈው።

ኮብልስቶን አትጠብቁ። በመጽሐፍ የሚሳለው አራት ድርብርብ የሮማ መንገድ ይሁዳ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። እዚህ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ጠርዝ ትላልቅ የዳር ድንጋይ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ተስተካክሎ ይሰለፋል። አንዳንዴ መሃሉ ላይ ሌላ አንድ ረድፍ እንደ አከርካሪ ይሄዳል። ቀሪው በመስክ ድንጋይ ተሞልቶ ከላይ ኮረትና አፈር ይለብሳል። ያ ልብስ ታጥቦ ከሄደ ቆይቷል፤ ዛሬ የምታየው አጥንቱን ነው፣ ለእግር የማይመች ጉርብጥብጥ። «በዚህ ላይ ጋሪ እንዴት ሄደ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ተዳፋት ላይ ከሆነ የታችኛው ጠርዝ በካብ ይደገፋል። እርከን ከመንገድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ። እርከን ከፍታውን ጠብቆ በኮረብታው ዙሪያ ይዞራል፤ መንገድ ከፍታውን እየቆረጠ ይወጣል ወይም ይወርዳል። እርከን አንድ ጠርዝ ብቻ አለው፣ በስተጀርባው አፈር ነው፤ መንገድ ሁለት ጠርዝ አለው፣ በመካከሉ ድንጋይ። ስፋቱን ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ በ20 ሜትር ልዩነት ለካ። ልኩ ሳይለዋወጥ ከሄደ መንገድ ነው፤ አንድ ቦታ 3 ሌላው ቦታ 7 ከሆነ ተጠራጠር።

አዲስ መንገድ ከጥንት የሚለየው ደግሞ በሦስት ነገር ነው። ቋጥኙ ላይ ክብ ቀጥ ያለ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ካየህ ባሩድ ገብቶበታል፣ አዲስ ነው። በመዶሻ የተሰበረ እኩል እኩል ጠጠር ከሆነ የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኦቶማን ወይም ከዚያ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ የጋሪ መንገድ ነው። ሲሚንቶ ካለ ጥያቄ የለም። የሮማው ቋጥኝ ሲጠረብ የሚቀረው የጠባብ መሮ ምልክት ነው፣ በብዙ ዓመት እግር ለስልሶ።

ናሙና ማየት የሚፈልግ፦ በ2017 ከ375 ቁጥር ጎዳና አጠገብ የውሃ ቧንቧ ሊቀበር ሲል 1.5 ኪ.ሜ. ርዝመትና እስከ 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ወጥቷል። ልብ በሉ፣ እሱ ዋናው መንገድ አይደለም፤ በቤት ናቲፍ በኩል የነበረውን ሰፈር ከኢየሩሳሌም–ኤሌውቴሮፖሊስ ጎዳና ጋር የሚያገናኝ ቅርንጫፍ ነው። ከድንጋዮቹ መካከል የይሁዳ ገዢዎች ዘመን የ29 ሳንቲም፣ የቀዳማዊ አግሪጳ የ41፣ የአይሁድ ዓመፅ 2ኛ ዓመት ማለትም የ67፣ የኡመያድ ዘመን ሳንቲምም ተገኝቷል። ከእነዚህ «መንገዱ የ29 ነው» ብሎ መዝለል አይቻልም፤ ሳንቲም ለመቶ ዓመት ይዘዋወራል፣ ከላይም በስንጥቅ ይወርዳል። መንገዱ መቼ እንደተነጠፈ የሚናገረው ከመንጣፉ ሥር፣ ሳይነካ በታሸገ አፈር ውስጥ ያለው የመጨረሻው ሳንቲም ነው።

#11 ዘኤላ

ካብና_ኮረት፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ግን፦ ጃንደረባው በሠረገላ ነው የሄደው። ወደ ዔላ በሚወርደው መንገድ፣ ማታ በሚባለው መንደር አጠገብ፣ ቋጥኙ ላይ የተጠረቡ ደረጃዎች አሉ። ሠረገላ ደረጃ አይወርድም። ይኼ የዔላን መስመር ጥሎ የኬብሮኑን አያጸናም ወይ?

#12 ኮረብቴ

አያጸናም። ደረጃዎቹ ያሉት አቀበቱ በሚጠነክርበት አጭር ቦታ ላይ ነው፣ ለእንስሳ ኮቴና ለእግር የሚሆኑ ሰፋፊ መርገጫዎች። ለብቻቸው ዘመን የላቸውም፤ የመንገዱ አካል ናቸው ካልን ደግሞ ወደ 2ኛው መቶ ዓመት ይወርዳሉ፣ ከታሪኩ 100 ዓመት በኋላ። ጎናቸው ላይ ለመንኮራኩር የሚሆን ዙሪያ መንገድ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚለየው ተዳፋቱን በክሊኖሜትር እየለኩ ሁለቱንም ጎን ማየት ነው። ከ10 ከመቶ በላይ የሆነ ዳገት ለተጫነ መንኮራኩር ከባድ ነው። ደግሞም ወደ ጋዛ የሚሄድ ሰው በኬብሮኑ መስመር ቢሄድ ከተራራው ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚወርድበት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያም ቁልቁለት ቀላል አይደለም። የሠረገላው ጥያቄ ሁለቱን መስመሮች እኩል ነው የሚይዛቸው።

#13 ቀያሽ_ዘዳገት

እኔ ደግሞ እንዲህ እመድበዋለሁ፦ የተነጠፈው የሮማ መንገድ ወደ ጋዛ አቅጣጫ የቱ ነው ለሚለው፣ ዔላ። የ4ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች ጥምቀቱ የት ነው ብለው ያምኑ ነበር ለሚለው፣ ቤትጹር። በ30ዎቹ ያለው እውነተኛ መስመር የቱ ነው ለሚለው በቅየሳ ብቻ መልስ አይገኝም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ይገኛል።

#14 ፊደለ_ድንጋይ

የማይል ድንጋይ ላይ ጥቂት ልጨምር፤ ከላይ በደንብ አልተነካም።

በዚህ አገር ያለው መሠረቱ ካሬ፣ ላዩ ድብልብል፣ ሁለቱም ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሦስት፣ አራት ሆነው ይገኛሉ፤ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ወይም መንገዱ ሲታደስ አሮጌውን ሳያነሡ ሌላ ያቆማሉ። በይሁዳ ከሐድሪያን ቀጥሎ የማርቆስ አውሬልዮስና የሉክዮስ ቬሩስ የ162 ድንጋዮች፣ ከዚያም የሴፕቲምዮስ ሴቬሩስ ይበዛሉ። ኤሌውቴሮፖሊስ የከተማነት ማዕረግና ይኼን ስም ያገኘችው በሴቬሩስ፣ በ199/200 ነው። ስለዚህ ከ«ኤሌውቴሮፖሊስ» የሚቆጥር ድንጋይ ካገኛችሁ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም።

በቦታው ያለውን ከተዛወረው መለየት ይገባል። መሠረታቸው አብሮ ያለ፣ ተሰባስበው የወደቁ ከሆኑ ቦታቸው ነው። መሠረት የሌለው አንድ ቁራጭ በግቢ፣ በቤተ ክርስቲያን ዓምድ ወይም የጭቃ ጣራ መደልደያ ሆኖ ከተገኘ ተጎትቷል፤ ካርታ ላይ በሌላ ቀለም ይቀመጥ።

ጽሑፉ በላቲን የንጉሡን ስምና ማዕረግ ይዘረዝርና ከታች ርቀቱን ብዙ ጊዜ በግሪክ ፊደል ያስቀምጣል፣ መንገደኛው የሚያነበው ግሪክ ስለነበር። እዚህ የግዕዝ አኃዝ የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል፦ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ከዚያው ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፤ የተሸራረፈ ቁጥር ላይ ዓይኑ ቶሎ ይለምዳል።

ባዶ የመሰለውን ድንጋይ አትለፉት፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ በቀለም ብቻ የተጻፈ ነበር፣ ቀለሙም ለቅቋል። ለተቀረጸው ደግሞ ፎቶ የሚነሣው ሲመሽ ነው። የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጎን፣ ከፊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ከአራቱም አቅጣጫ አብሩ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ። ለ3D ሞዴል ከ60 እስከ 80 ፎቶ፣ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ጋር 70 በመቶ ተደራርቦ፣ ጎኑ ላይ ሴንቲ ሜትር ያለበት ማስመሪያ። ጠመኔ አትቀቡበት፣ በብረት ብሩሽ አትፈትጉት። ጠመኔ የቀባ ሰው የሚያየው ማየት የፈለገውን ፊደል ነው፣ ከሱ በኋላ የመጣውም ያንኑ ያነባል።

#15 ንጉሥ_ነኝ

ጃንደረባው ግን ከአክሱም ነው ወይስ ከመርዌ? ይኼ ካልተፈታ መንገዱ ምን ይሠራል?

#16 አወያይ

ይኼ ጥያቄ ራሱን የቻለ ክር አለው፣ ወደዚያ ይዛወር። ከኢየሩሳሌም እስከ ጋዛ ያለው መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው። እግረ መንገዴን ግን ሜዳ ለሚወጡ፦ በእስራኤል የ1978 የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ በቅርስ ቦታ ላይም በብረት መፈለጊያ ማሰስ ክልክል ነው። በአጋጣሚ የተገኘ ነገር በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል። ድንጋዩ ካለበት አይነሣ፤ ፎቶና ነጥብ ይበቃል። ቤትጹርና ሐልሑል ዌስት ባንክ ውስጥ ስለሆኑ የመግቢያው ነገር በምትይዙት ፓስፖርት ይለያያል፣ አስቀድማችሁ አጣሩ።

#17 ዘኤላ

የመጨረሻ ጥያቄ ለቀያሽ። የሰጠኸንን ነጥቦች ስልኬ ላይ ሳስገባ ባሕር ውስጥ ይጥለኛል። 172/131 ኢየሩሳሌም መሆን አልነበረበትም?

#18 ቀያሽ_ዘዳገት

ስልክህ አዲሱን የእስራኤል ግሪድ ነው የያዘው። የሰጠሁት የድሮው ነው፣ በኢፒኤስጂ (የካርታ ግሪዶች መለያ ዝርዝር) ቁጥር 28191፤ አዲሱ 2039 ነው። ለመቀየር ምሥራቁ ላይ 50፣ ሰሜኑ ላይ 500 ኪሎ ሜትር ጨምር፦ 172/131 የነበረው 222/631 ይሆናል፣ ቤትጹር 209/610፣ ቤት ጉቭሪን 190/613። ይኼ መደመር ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ለማሰስ ይበቃል፣ ድንጋይ ለመመዝገብ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ይቀይርልህ። አሮጌ ጽሑፍ ላይ 1590 1108 ዓይነት ስምንት አኃዝ ስታይ ደግሞ ያው የድሮው ግሪድ ነው፣ እስከ 100 ሜትር ወርዶ፤ ነጥቡ የካሬው ደቡብ ምዕራብ ጥግ ስለሆነ ፍለጋህን ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አድርግ።